የአያ ፈንታው ዜሮ

አያ ፈንታው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ወንድሜ አዱኛ ከብልባላ ሲደውል እኔ እዚህ ጋምቤላ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ሣጥን እያጠብሁ ነበር። እጄን ጠራርጌ አነሣሁት። ነፍስ ይማር ተባባልን። ቀብሩ እንዴት እንደነበረ ጠየቅሁት።

«ደማቅ ነበር፣ እቴ። ከወረዳ ድረስ ሰው መጣ። ያ የውሃው ባለሙያ ንግግር አደረገ።»

«የትኛው ባለሙያ?»

«ኩሬውን ያስቆፈረው ነዋ። አያ ፈንታው የተፈጥሮ አባት ነበሩ አለ። ወፎቻችን ዛሬ ወላጅ አጡ አለ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ለሟች ጸሎት ማድረስ ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። አፌን የምጠብቅ፣ ነገር ከመናገሬ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት የምደግም ነኝ። ነገር ግን አዱኛ የቀረውን ሲነግረኝ ጸሎቱም ከአፌ ጠፋ።

«በኩሬው በምዕራቡ ዳር ትልቅ ታፔላ ሊተክሉ ነው። የአያ ፈንታው የወፍ መመልከቻ ተብሎ። እና ያንን አንቺ ዘንድ ያለውን ደብተር ላኪልን ብለዋል፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ለታፔላው ደግሞ እሳቸው ከተናገሩት አንድ ጥሩ ነገር መርጠሽ እንድትልኪ።»

«አዱ፣ ኩሬው ላይ አሁን ወፍ አለ?»

«ኧረ ከየት መጥቶ!»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚመለከቱት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እቴ። ያሉኝን ነው የነገርሁሽ።»

እንግዲህ አያ ፈንታው ማን እንደነበሩ እኔ ልናገር። ያ ሰው በመቃብራቸው ላይ የተናገረው ብቻ ተሰምቶ እንዳይቀር።

አያ ፈንታው ጎረቤታችን ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ወደ ፊት ዘንበል ያሉ ገበሬ። በኮታቸው ኪስ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ በክር የታሰረ እርሳስና የሩቅ ማሳያ መነጽር። መነጽሩን በጎልማሳነታቸው ላሊበላ እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ሲያወጡ አንድ አስጎብኚ ነው የሰጣቸው። ከሁለቱ ዓይኖቹ አንዱ ስለተሰነጠቀ፣ በደኅናው እያዩ የራሳቸውን ግራ ዓይን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ዛሬም ሳስባቸው ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ፊታቸው ላይ የተለጠፈ መዳፍ ነው።

በግቢያቸው፣ በሽቦ አጥር ውስጥ፣ የመንግሥት የዝናብ መለኪያ ነበረ። በየጠዋቱ ልክ በሦስት ሰዓት ይከፍቱታል፤ የተጠራቀመውን ወደ ቀጭኑ ብርጭቆ ይገለብጣሉ፤ ተንበርክከው ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል አድርገው ያነባሉ፤ ቅጹ ላይ ይጽፋሉ። ክረምትም በጋም። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ያስቀኝ ነበር።

«አያ፣ በጥር ምን ያነባሉ? ደመና እንኳ የለም እኮ!» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ነይ እስቲ» ብለው ቅጹን አሳዩኝ። ወሩ ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ተደርድሯል። ሁሉም ዜሮ ክብ፣ ሁሉም በጥንቃቄ የተሳለ።

«ባዶውን ቢተዉት ምን አለበት? ያው ምንም አልዘነበ።»

«ያው አይደለም!» ጮኹብኝ፤ እሳቸው ሲጮሁ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «ባዶ ማለት ሰውዬው አልሄደም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ሄደ፣ አየ፣ አጣ ማለት ነው። የዘነበውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ዋሽቷል።»

ዛሬ በሽተኛ ካርድ ላይ ስጽፍ ባዶ ቦታ የማልተወው ከእሳቸው ተምሬ ነው። አለቃዬ ግትር ትለኛለች። ትበል።

በቅጹ ዳር ምርመራ የሚባል ዓምድ ነበረ። አያ ፈንታው እዚያ ላይ ወፍ ይጽፉ ጀመር። «የመስቀል ማግሥት፣ በነጭ ጭቃ ኩሬ፣ ባለ ረዥም እግር አሥራ አንድ።» ከዚያ ቅጹ ከሚላክበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ከዝናብ ጋር ግንኙነት የሌለው ጉዳይ በቅጹ ላይ እንዳይጻፍ የሚል። እደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡልንና ሳቁ።

«ግንኙነት የለውም አሉ! ታዲያ ወፊቱ ኩሬ በሌለበት ልትመጣ ነው? ኩሬውስ ዝናብ በሌለበት?»

በማግሥቱ የተማሪ ደብተር ገዙና በማስመሪያ አምድ በአምድ አሰመሩት። እኔ ዘንድ ያለው ያ ደብተር ነው።

ነጭ ጭቃ ከብልባላ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሜዳ ነው፤ ድንጋይና እሾህ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋሱ ጆሮ የሚያደነቁር። ኩሬው በክረምት ይሞላል፣ ከመስቀል ወዲህ በየቀኑ ስንዝር ስንዝር እያለ ይሸሻል፣ የሸሸበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ለስላሳ ጭቃ ይቀራል። ለገና ደርቆ ይሰነጠቃል። ለእኛ ከብት ማጠጫ ነበረ፤ ሌላ ምንም አይመስለንም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በጥቅምት አንዲት ጊደራችን ጠፋችና ፍለጋ ወረድሁ። ኩሬው ዳር ነጭ ነገር ተዘርግቶ አየሁ። ቀረብ ስል አያ ፈንታው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው በሆዳቸው ተኝተዋል። ክፉ ነገር መሰለኝ።

«አያ! ምን ሆኑብኝ?»

«ዝቅ በይ! አንቺ ልጅ ዝቅ በይ! ሰጋጇን አስደነገጥሽብኝ!»

ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ። መነጽሩን ሰጡኝ፤ እንደ እሳቸው አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንሁ። ከእርግብ ያነሰች ቡናማ ወፍ በጭቃው ላይ ትሄዳለች፤ ሁለት እርምጃ ትራመድና ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና ትላለች። ያለ ማቋረጥ።

«ስሟ ሰጋጅ ነው» አሉኝ። «ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እነዚያ ቀይ ረዣዥም እግር ያላቸው ባለ መቋሚያ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መዘምር አይመስሉም? በውሃው ጠርዝ ተንጋግተው የሚሮጡት ትንንሾቹ ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። ቁራሽ ያዩ የቆሎ ተማሪዎች!»

እኔ ግን ቅር አለኝ። «አያ፣ ለወፍ እንዲህ ያለ ስም ይወጣል? ኃጢአት አይሆንም?»

«መምሬም ጠይቀውኛል። መምሬ፣ ጅራቷን ይመልከቱ፣ ከእኔ ይልቅ ስግደት ታበዛለች አልኋቸው። አዩና፣ ከእኔም ሳትበልጥ አትቀርም ብለውኝ ሄዱ።»

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«አስጎብኚው በረዶ ካለበት አገር ነው ብሎኛል። እኔ ግን አላየሁም፤ ስለዚህ አልጻፍሁትም። እኔ ያየሁት ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ እዚህ እንደሚያርፉ፣ ከጭቃው ትል እየለቀሙ እንደሚወፍሩ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ እንደሚሄዱ ነው። በበልግ ደግሞ ይመለሳሉ። ይህች ጭቃ ስንቃቸው ናት።»

ያን ቀን ጊደሪቱ ራሷ ቤት ገብታ ጠበቀችኝ፤ እኔ የተገረፍሁት በማምሸቴ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰው በእሳቸው ሲስቅ አብሬ አልሳቅሁም። ሰው በጣም ይስቅባቸው ነበር። «አያ ፈንታው፣ ዶሮዎችዎ ገቡ?» ይላቸዋል ከገበያ የሚመለስ ሁሉ። «ገቡ» ይላሉ፤ «አንተ ነህ እንጂ ያልገባኸው፤ ሚስትህ ደጅ ለደጅ እየፈለገችህ ነው።» ውሃ ዳር ተኝቶ የሚጽፍ ሰው መናፍስት ይስባል ያሉም ነበሩ። ተኩስ በነበረበት ዓመት እንኳ፣ ስልክም መንገድም ተዘግቶ ሰው ከቤቱ መውጣት በፈራበት ጊዜ፣ ዝናቡን በሦስት ሰዓት ለክተው ወደ ነጭ ጭቃ ይወርዱ ነበር።

ከዚያ የውሃው ሥራ መጣ።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። እኔ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብዬ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተደረግሁ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ንግግሩ ያማረ። ኩሬው የሦስት ሰው ቁመት ያህል ይቆፈራል፣ ዳሩና ወለሉ በጥቁር ላስቲክ ይለበጣል፣ ውሃው እስከ ግንቦት አይነጥፍም አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። በእንስራ የጎበጠ የእናቴን ጀርባ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ውሃ የፈለገ ሰው አጠፋ አልልም። አያ ፈንታውም አላሉም።

ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ቆፍሩ፤ ደስ ይለኛል» አሉ። «ከምሥራቅ በኩል ቆፍሩ። የምዕራቡን ዳር ግን ተዉት። እዚያ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ከብቱ ገብቶ ይጠጣል፣ ወፉም ቆሞ ይበላል። ከዙሪያው ሁሉ የምለምናችሁ ያችን አንዷን ዳር ነው።»

ባለሙያው ፈገግ አለ። «አባት፣ የውሃ ወፍ ውሃ ሲበዛለት ምን ይጎድለዋል?»

አዳራሹ ሳቀ። በእውነት ለመናገር ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው። የውሃ ወፍ ነው፣ ውሃ ከበዛ ይበዛል።

«እግሩ ነው የሚያጥረው፣ ልጄ። እነዚህ ዋና አያውቁም፤ ጭቃ ላይ ቆመው ነው የሚበሉት።»

ሳቁ ባሰ። ባለሙያው ወረቀቱን ገለበጠ። «እኛ ቦታው ድረስ ሄደን አጥንተናል። በጥናታችን አንድም ወፍ አልተመዘገበም።»

«መቼ ሄዳችሁ?»

«የካቲት ላይ።»

«በየካቲትማ እኔም ዜሮ ነው የጻፍሁት!» ደብተሩን ከኮታቸው አወጡ። «ይኸው፣ ተመልከት! በጥቅምት ኑ። አንድ ቀን ብቻ በጥቅምት ኑና ከእኔ ጋር ተኝታችሁ እዩ!»

«ተኝታችሁ» ሲሉ ደግሞ ሳቅ። ደብተሩን የተቀበላቸው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ልጅ ብርቄ፣ የወፉን ነገር ተይው። በሙሉ ድምፅ ተስማማን በይ።»

የእሳቸውን ቃል እጽፍበታለሁ ብዬ ሁለት መስመር ትቼ ነበር። ባዶውን ተውሁትና ከበታቹ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቱ በጣም ያምር ነበር።

ኤክስካቫተሩ በሁለት ቀን ጨረሰው። ዳሩ በአራቱም በኩል እንደ ግድግዳ ተቆረጠ፤ ምዕራቡም። በክረምቱ ሲሞላ ሰማይ የወደቀበት ይመስል ነበር፤ ባለሙያው መጥቶ ፎቶ ተነሣበት። ፎቶው የሆነ ግድግዳ ላይ አሁንም ይኖር ይሆናል። በመስከረም የወይዘሮ ጥሩዬ ላም ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ላስቲኩ አንሸራተታት፤ መውጫ አጥታ ስትታገል ውላ ሰጠመች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻትም ያቺ አንዲት ላም ነበረች። መፍትሔ ተብሎ ዙሪያው በእሾህ ሽቦ ታጠረ። ስለዚህ ከብትም አይጠጣበትም። ሴቶቹ ጀሪካን በገመድ እያወረዱ ይቀዳሉ፤ ውሃው እንደተባለውም እስከ ግንቦት ይቆያል፤ ይህን አልክድም፤ አያ ፈንታውም በደብተራቸው ጽፈውታል።

የመስቀል ማግሥት የሆነውንም ጽፈውታል። እነሆ ደብተሩ ከፊቴ ነው፦ «ተማሪዎች መጡ። ኩሬውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ማረፊያ አጡ። ከሽቦው ውጭ አቧራው ላይ ቆመው እስከ ቀትር ቆዩ። ሄዱ። በኩሬው ያረፈ፦ ዜሮ።» በሚቀጥለው ዓመት የዞረም የለም። ገጹ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም በጥንቃቄ የተሳለ።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ወደዚህ ተመደብሁ። የቃለ ጉባኤውን ነገር ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ይህን ለእኔ ብቻ አትንገሪ፤ ለሰውዬው ሄደሽ ንገሪ» አሉኝ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ሄድሁ። መለኪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ያን ቀን የተናገሩትን አልጻፍሁም፣ አያ። ተይው አሉኝ፣ ተውሁት።»

«አውቃለሁ። አይቼዋለሁ። ሁለት መስመር ባዶ አለ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ባዶውን ግን እኔ አልሞላልሽም።»

ገብተው ደብተሩን አመጡና እጄ ላይ አኖሩት። ሌላ አዲስ ጀምረው ነበር። «አያ፣ እንደማይመጡ እያወቁ ለምን ይሄዳሉ? ጉልበትዎ አልቋል፤ ሁለት ሰዓት መሄድ፣ ሁለት ሰዓት መመለስ…» አልኋቸው።

«እኔ ካልሄድሁ ባዶ ይሆናላ» አሉ፤ ነገሩ ግልጽ ነው በሚል ድምፅ። «ባዶ ከሆነ ነገ አንዱ ተነሥቶ ወፍማ ሞልቶ ነበር ይላል። ማን ሄዶ አየና ይመልስለታል?»

ያ አንዱ ቀብራቸው ላይ ተነሣ። ለዚህ ነው የተናደድሁት። በሕይወት ሳሉ አንዲት ዳር ለምነው የተሳቀባቸውን ሰው፣ ሲሞቱ አባታችን ማለት ምን ማለት ነው? ስማቸውን ወፍ በሌለበት ኩሬ ላይ፣ ያውም እሳቸው «ተዉት» ባሉት ዳር ላይ መስቀል ምን ይባላል? አዱኛን ጠየቅሁት፣ የመጨረሻውን ደብተር ከሚስታቸው ዘንድ ለምን አይወስዱም አልሁት።

«ወስደው አይተውታል» አለኝ። «ይሄ ባዶ ነው ብለው መለሱት። የሚፈልጉት ያንቺውን፣ ወፍ ያለበትን ነው።»

ባዶ ነው አሉ! ሰው ዕድሜውን በእግሩ ተመላልሶ የጻፈውን፣ ባዶ ነው አሉ!

ሁለት ቀን ጸለይሁና ነገሬን ቆረጥሁ። ደብተሩን አልላክሁም። የምዕራቡ ዳር ላስቲኩ ተነሥቶ፣ ሽቦው ተነቅሎ፣ አፈር ተመልሶ እንደ ጥንቱ በዝግታ ወደ ውሃው እስኪወርድ ድረስ ከእኔ ዘንድ አይወጣም። ለታፔላው የሚሆን ቃል ግን ላክሁላቸው፤ ያን ቀን በስብሰባው የተናገሩትን፣ ከ«ቆፍሩ፤ ደስ ይለኛል» ጀምሮ «ያችን አንዷን ዳር ነው» እስከሚለው ድረስ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል። ከሥሩ ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ እንደሆንሁና ይህን ሆን ብዬ እንዳስቀረሁት ጻፍሁ፤ ፈረምሁበት።

አዱኛ ለባለሙያው ወስዶ ሰጥቶ ደወለ። «አነበበው፣ እቴ። ይሄ አባባል አይደለም፣ ቅሬታ ነው አለ።»

«ልክ ብሏል። ቅሬታ ነው።»

«ታፔላው ላይ አይጽፉትም።»

«አውቃለሁ። ግን ተጽፏል።»

ወንድሜ ያን ቀን በአዳራሹ ከሳቁት አንዱ ነበር፤ እኔ አላነሣሁበትም፣ እሱም አላነሣውም።

ከዚያ የመስቀል ማግሥት እንደገና ደወለ። ነፋስ ይሰማኛል፣ ጆሮ የሚያደነቁር ነፋስ።

«የት ነህ አዱ?»

«ነጭ ጭቃ። ሚስታቸው መነጽሩን አዋሰችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ሆዴ ሁሉ አቧራ ሆኗል።»

«ምን አየህ?»

«ምንም፣ እቴ። ምንም የለም።»

«ደብተሩን ይዘሃል? የመጨረሻውን?»

«ይዣለሁ። ግን ምን ልጽፍበት? ምንም የለም እኮ አልሁሽ።»

«ቀኑን አስቀድም» አልሁት። «ከዚያ ዜሮ ጻፍ። ክብ አድርገህ።»